ዘሀራ ስለ እኔ የበላችው ምሳ

ዘሀራ መሞቷን የሰማሁት ሳጃና ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተሰልፌ ነው። ከፊቴ የቆመች የከሚሴ ልጅ ዞር ብላ አየችኝና፣ «እማማ ትርንጎ፣ ያቺ ልብስ አጣቢዋ ዘሀራ ከሰላ ላይ አረፈች አሉ። አልሰሙም?» አለችኝ።

አልሰማሁም ነበር። እዚህ ሱዳን ጦርነቱ ሲመጣ ሁላችንም በየፊናችን ስንበተን እሷ ወደ ከሰላ፣ እኔ ወደ ገዳሪፍ ሄድን። እኔ ተመልሼ መጣሁ፤ እሷ እዚያው ቀረች።

«ማን አጠባት?» ነው ያልኩት መጀመሪያ። ልጅቷ ግራ ገባት። «ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ያጠበች ሴት ናት፤ እሷን ማን አጠባት ነው የምልሽ!» ብዬ ጮኽኩባት። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«የአገሯ ሴቶች ናቸው ያጠቧት፣ እማማ። በወጉ ነው የተቀበረችው» አለችኝ ፈራ ተባ እያለች። ያኔ ነው ልቤ ትንሽ ረገብ ያለው።

እኔ ሰው ማሞገስ አይሆንልኝም። የልጅ ልጆቼ «አያታችን ሳትጣላ ከዋለች ያማታል» ይላሉ። ይበሉ። የምጣላው ፍርድ ሲጓደል ሳይ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጓደለብኝ የራሴ ፍርድ ነው። ለሌላ ሰው ብሎ አንገትን መስጠት ምን እንደሚመስል ያየሁት ዘሀራ ላይ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ስለ እሷ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ሌላ የሚጽፍላት የለም።

የተገናኘነው አል-ማንሺያ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ነው። እኔ ወጥ ቤት፣ እሷ ጓሮ። ባለቤቱ ዝምተኛ ሐጅ ናቸው፤ ቤቱን የምታዝዘው ሚስታቸው ሲት ሱዓድ ናት፤ ሲት እመቤት ማለት ነው። ውጭ አገር የተማረ ሂሻም የሚባል ልጅና አንዲት ለጋብቻ የደረሰች ሴት ልጅ አሏቸው።

ዘሀራ ረጅምና ቀጭን ነበረች። የፊት ጥርሷ አንዱ ስለሌለ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች፤ መዳፏ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ሳቋ ሲያልቅ አገጯ ላይ የሳሙና አረፋ ይቀራል። ዕድሜዬን አክብራ «እትዬ» ትለኝ ነበር። አንቱ ግን ብላኝ አታውቅም፤ እኔም ቅር ብሎኝ አያውቅም። በእኔ ሁዳዴ እሷ ሥጋ ይዛ ወጥ ቤቴ አትገባም፤ በእሷ ረመዳን እኔ ፊቷ ውኃ አልጠጣም። ይህን ተነጋግረን የወሰንነው አይደለም፤ እንዲሁ ሆነ።

አንድ ልማድ ነበራት። ልብስ ከመንከሯ በፊት ታሸታለች።

«እትዬ ትርንጎ፣ ሐጁ ትናንት ጥርስ ሐኪም ቤት ነው የዋሉት» ትለኛለች ሸሚዛቸውን አፍንጫዋ ላይ ይዛ። «ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል።»

«ተይ አንቺ! የሰው ገመና ይሸተታል?»

«ምን ላድርግ፣ ልብሱ ራሱ እያወራኝ!»

«ሹርጣ ቤት ብትቀጠሪ ሌባ ባልቀረ።»

«ኢቃማ የሌለው ፖሊስ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ አፏን ትሸፍናለች። እውነቷን ነው፤ የመኖሪያ ወረቀት አልነበራትም። መንገድ ላይ ፖሊስ ካየች ተጠምዝዛ ትሄድ ነበር። ያን ጊዜ ወረቀት የሌለው ሰው ከተያዘ ዕቃውን እንኳ ሳይሰበስብ ወደ ድንበር ይጫናል። ይህን የምነግራችሁ ከዚህ በኋላ ያደረገችው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ ነው።

ቀኑ ዓርብ ነበር። የሲት ሱዓድ ልጅ ታጭታ፣ እጮኛዋ ሙአዝ ከእናቱና ከዘመዶቹ ጋር ለምሳ መጣ። ሙአዝ ዓይን አፋር፣ ጨዋ ልጅ ነው። ሠርጉ አንድ ወር አልቀረውም ነበር። እኔ ከጠዋት ጀምሮ የበግ ሥጋ ስጠብስ፣ ሙላህ የሚሉትን የባሚያ ወጥ ስሠራ ዋልኩ። ሌላው እንግዳ ከትልቁ ትሪ ሲበላ ለሙሽራው ግን ለብቻው ሳህን አሰማምሬ አቀረብኩለት። ክብር መስጠቴ ነበር። ኋላ ያ ክብር ሊያሳስረኝ ነው።

ልጁ አማቶቹ ፊት አፍሮ ሁለት ጉርሻ እንኳ በወጉ አልዋጠም። ሳህኑ እንዳለ ተመለሰ። ሰው ሻይ ሲይዝ ሂሻም ሙአዝን «ና ጓሮውን ላሳይህ» ብሎ ይዞት ወጣ። እኔ ዕቃ ሳጥብ በመስኮት ሲያልፉ አየኋቸው እንጂ የሚያደርጉትን አላየሁም።

ጥቂት ቆይቶ ሙአዝ ግድግዳ እየተደገፈ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ከንፈሩ ነጭ፣ ግንባሩ ላይ ላቡ ኩልል ይላል። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ምንጣፉ ላይ አስመለሰው። ሶፋው ላይ ሲጥሉት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እናቱ ኡኡ አለች። «ልጄን መረዙት! ሳህኑ የብቻው ነበር! የብቻው ሳህን ያቀረበችለት ሐበሻዋ ናት!»

ይህቺ ሴትዮ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቂም ይዛብኛለች። እኔ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሥራ እንደምበድል ለሲት ሱዓድ ስትነግራት ሰምቼ፣ «እርስዎ በራስዎ ቤት ይዘዙ» ብያታለሁ። አፌ አያርፍም። ያን ቀን ግን አፌን የሚያስታውስ ሰው ሞልቶ ነበር።

ሳሎን ጠሩኝ። እንግዳው ሁሉ ቆሟል። ሳህኑን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውታል።

«ይህን የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አለች እናቱ።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ፊታችን ቅመሺው።»

ልብ በሉ፤ ዓርብ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓርብና ረቡዕን ሽሬ አላውቅም። ሥጋውንም ሳልቀምስ በዓይንና በሽታ ነው የሠራሁት። «አልቀምስም። ጾም ነኝ» አልኳት።

«አያችሁ!» ብላ ወደ ሰው ዞረች። «ራሷ የሠራችውን ራሷ አትበላውም!»

ሲት ሱዓድ ጠጋ ብላ፣ «ትርንጎ፣ አንድ ቁራሽ ብቻ ብዪና ይለቅ» አለችኝ። ሲፈሩ ሁሉም ነገር «አንድ ብቻ» ነው። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። ያላጠፋሁትን ለማስረዳት ብዬ ከፈጣሪዬ የምጣላበት ምክንያት አልታየኝም። «ብትገድሉኝም አልቀምስም» አልኩ። አሁን ሳስበው ከዚህ የባሰ መልስ አልነበረም።

ሐጁ መቁጠሪያቸውን ይዘው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ለሙአዝ ሐኪም፣ ለእሷ ሹርጣ ጥሩ» አሉ። ሐኪሙ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ የሚኖር ዘመዳቸው ነው፤ ድልድዩ ደግሞ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተጨናንቆ ነው የሚውለው። ሂሻም መስኮቱ ጋ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ቀና ብሎም አላየኝም።

ዘሀራ ጩኸቱን ሰምታ ከጓሮ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። እስከ ክርኗ አረፋ ለብሳለች። እንግዳ ባለበት ሳሎን መግባት ለእኛ ክልክል ነው፤ ገባች። መጀመሪያ የሄደችው ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ታመመው ልጅ ነው። እጇን በቀሚሷ አብሳ ግንባሩን ነካች። መዳፉን ገልብጣ አየች። ከዚያ ጣቶቹን ወደ አፍንጫዋ ወስዳ አሸተተች።

«ምን ታደርጊያለሽ አንቺ!» አለች እናቱ።

ዘሀራ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ሳህኑን አነሳች፤ ወለሉ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች፤ «ቢስሚላህ» አለችና መብላት ጀመረች።

ያን ሰዓት አልረሳውም። አሥራ ምናምን ሰው ቆሞ አንዲት አጣቢ ስትበላ ያያል። አልተጣደፈችም። ሥጋውን በላች፣ ባሚያውን በላች፣ እንጀራ በሚመስለው፣ በቀረው ኪስራ ሳህኑን ጠርጋ ጉርሻውን አፏ ውስጥ ከተተች። ባዶውን ሳህን እናቱ ፊት አስቀመጠችና በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዋ፣ «እሷ ሃይማኖቷ ነው፣ ጾም ናት። እኔ እስላም ነኝ፣ ለእሷ በላሁላት። ምግቡ ደህና ነው። ልጁ የታመመው ከጭስ ነው፤ ትምባሆ ነው» አለች።

«ልጄ ትምባሆ ነክቶ አያውቅም!»

«ለዚያ ነው የታመመው፣ ሲት። የለመደ ቢሆን ምንም አይሆንም ነበር።»

አንድ አጎት ቢጤ ሳቁ አምልጦት ጉሮሮውን ጠራረገ። ዘሀራ እንደገና ወጣችና ከጓሮ አንድ ነገር በቅጠል ይዛ ተመለሰች። አውራ ጣት የሚያህል ቡናማ ጥቅል ነው፤ ግማሹ ተቃጥሏል። ሲጋራ አይደለም፤ ሀብታሞች ሲጋር የሚሉት ነው። ከውኃ ታንከሩ ሥር ነው ያገኘችው።

«ይህን ያጨሰው ሰው ጭሱን እንደ ሲጋራ ወደ ውስጥ ውጦታል፤ ሆዱም ባዶ ነበር» አለች። «የሰጠውም ሰው እዚህ ቤት አለ፤ ሽታውን ከማጥበው ልብስ አውቀዋለሁ። ስሙን እኔ አልጠራም። ራሱ እንዲናገር እስከ ዐስር አዛን፣ እስከ ከሰዓቱ ሶላት ጥሪ ጊዜ አለው። ልጁም እስከዚያ ካልተሻለው ሹርጣ ሲመጣ እኔንም አብራችሁ ስጡኝ።»

ኢቃማ የሌላት ሴት ናት ይህን ያለችው።

ከዚያ ማንም ሳያዛት ሥራ ጀመረች። መስኮቱን ከፈተች፣ የልጁን የሸሚዝ ቁልፍ ፈታች፣ በጎኑ አስተኛችው። ስኳር ውኃ በማንኪያ እያስጎነጨችው፣ «ሐኪሙን ግን አትተዉ፤ እኔን ብቻ አትመኑ» ትላቸዋለች። እኔን ወጥ ቤት በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና በሩ ላይ አንድ የእነሱ ሰው ቆመ። ትንሽ ቆይታ እሷም መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«አንቺ ዕብድ» አልኳት በአማርኛ። «መርዝ ቢኖርበትስ ኖሮ?»

«አንቺ ሠርተሽው?»

እንባዬ መጣ። «ሹርጣ ቢመጣስ? ወረቀት የለሽ…»

«ቢመጣ ሁለት ሐበሻ ይዞ ይሄዳል። እያወራን ስንሄድ መንገዱ አይረዝምብንም» አለችና አፏን ሸፈነች። ስትስቅ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። አሁን ሳስበው ሳቅ ብቻ አልነበረም፤ ፈርታም ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ሳቅ ብቻ መሰለኝ።

አዛኑ አልደረሰም። የሙአዝ ድምፅ ተሰማ፤ ውኃ ፈለገ። ወዲያው ደግሞ ቁራሽ ዳቦ። ሮጠን ገባን። ፊቱ ቀለም መልሷል፤ ተቀምጧል። እናቱን አየና ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «እማ፣ ከሂሻም ጋር ሲጋር አጨስን። እንዳላዋርደው እምቢ ማለት አፈርኩ። ጭሱን ዋጥኩት። ሴትየዋ ምንም አላደረገችም» አለ።

ያ ዓይን አፋር ልጅ ነው ይህን የተናገረው። ሂሻም የተናገረው አባቱ መቁጠሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጡ በኋላ ነው፤ «አዎ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ ቀልድ መስሎኝ ነው» አለ። ሐጁ በቤታቸው ጭስ የሚባል ነገር እንደማይወዱ ሁላችንም እናውቃለን። ቆይቶ የደረሰው ሐኪምም ልጁን መረመረና፣ «የትምባሆው ኒኮቲን ነው፤ ጀማሪ ሰው ሲያበዛው እንዲህ ያደርጋል» ብሎ የዘሀራን ቃል ደገመው።

የሙአዝ እናት ቦርሳዋን እያነሳች ወደ እኔ በኩል፣ «ማሌሽ» አለች። ይቅርታ መሆኑ ነው።

«ማሌሽ ለተሰበረ ብርጭቆ ነው» አለች ዘሀራ።



«ይህቺን ሴት ሰው ገዳይ ያላችኋት ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ነው። ነገ እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ወሬውን ይዞ ይሄዳል። ንጹሕ ናት የሚለውንም ይህ ሁሉ ሰው ይስማ።»

እናቱ ወደ በሩ ሄደች። ሲት ሱዓድ ፊቷ ጠቁሮ ዘሀራን በዓይኗ አባረረቻት። የተነሡት ሐጁ ናቸው። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ሶፋውን ተደግፈው ተነሡና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «ትርንጎ፣ በድለንሻል። ንጹሕ ነሽ» አሉኝ። ይህን ላላደርግላቸው አልችልም፤ እጃቸውን ሳምኩ።

ከሦስት ቀን በኋላ ሲት ሱዓድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ልትገዛ እንደሆነ ተናገረች። የዘሀራ ሥራ አበቃ። ማሽኑ ሲገዛ አላየሁም።

ሽርጤን ፈትቼ ጣልኩት። «እኔም እወጣለሁ! ለእኔ ብላ ስትባረር እኔ እዚህ ሽንኩርት ልከትፍ?»

ዘሀራ ሽርጡን ከመሬት አንስታ አራገፈችው። «ትወጪና ምን ይላሉ? መርዘኛዋ ሐበሻ ሸሸች ይላሉ። ሐጁ የተናገሩት ቃል ይሞታል። ተቀመጪና ሠርጉን ሥሪ። ያ ሁሉ ሰው ከእጅሽ ሲበላ እንያቸው።»

እስከ አውቶቡሱ ሸኘኋት። መንገድ ላይ ያንን በሽታ እንዴት እንዳወቀችው ጠየቅኳት። ልጅ ሳለች ከከሚሴ ወረድ ብሎ ቆላው ላይ ትምባሆ ቅጠል ትለቅም ነበር። ጠዋት ጤዛ ያለበት ቅጠል በብብታቸው ተሸክመው ሲሄዱ መርዙ በቆዳ ይገባል። አንድ ጠዋት ራሷን አዙሯት ወደቀች፤ አስመለሳት፤ ላብ በላብ ሆነች።

«ሲያስመልሰኝ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? አርግዛለች አሉ። አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ እትዬ። አባቴ ሰማ። ሌሎቹ ልጆች በተራ በተራ እስኪወድቁ ድረስ ሁለት ወር ሙሉ ማንም በደህና ዓይን አላየኝም። ከትምባሆው ነው ተብሎ ሲታወቅ ደግሞ አንድ ሰው እንኳ አደባባይ ወጥቶ ንጹሕ ነበረች አላለልኝም። ሁሉም በልቡ አወቀ፣ በቃ።» አውቶቡሱ መጣ። «በልብ ማወቅ ምን ያደርጋል?» አለችኝና ተሳፈረች።

ሠርጉን ሠራሁ። በዋዜማው ሙአዝ ራሱ ወጥ ቤት መጣ፤ ሙሽራ ወጥ ቤት ሲገባ አይቼ አላውቅም። ስኳር ውኃ ያጠጣችው ሴት የት እንዳለች ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ አልሸፋፈንኩለትም። «ሳጃና ያለውን ቤቷን ለሾፌሩ አሳዪው። ለሥራ አይደለም፣ የእኔ እንግዳ ሆና ትምጣ በያት» አለኝ።

መጣች። ከማን እንደተዋሰችው አላውቅም፣ የሎሚ ቀለም ቶብ እንደ ሱዳን እመቤት ተከናንባለች። ሲት ሱዓድ በሩ ላይ ስታያት፣ «ይህቺን ማን ጠራት?» አለች። «እኔ» አለ ሙአዝ፤ ወስዶም ከእናቱ ጠረጴዛ ቀጥሎ አስቀመጣት። እናቱ ፊቷን አዞረች። ከትሪው ግን ጎረሰች። ሁሉም ጎረሱ። በዓይኔ እየቆጠርኩ ነው ያየኋቸው።

ለዘሀራ ሳህኗን ራሴ ይዤ ሄድኩ። ያን የሚያህል እንግዳ እያለ ወጥ ቤቱን ትቼ፣ ሽርጤን እንደታጠቅኩ፣ ሰው መሃል አልፌ ፊቷ አስቀመጥኩላት። ያ ዓርብ ሳሎን የነበሩት በሙሉ እያዩን ነበር። እሷም እንደሚያዩን አውቃለች። አንድ ጊዜ ጎረሰች። በጥንቃቄ አላመጠች። ቀና ብላ አየችኝ። «እጅሽ ይባረክ፣ ከዚህ የሚጣፍጥ በልቼ አላውቅም» እስክትል እጠብቃለሁ።

«እትዬ ትርንጎ፣» አለች ያ ሁሉ ጠረጴዛ በሚሰማው ድምፅ፣ «ጨው አነሰው።»

ቀመስኩት። አንሶት ነበር።